ደረጃ የማያውቅ ውሻ

ጋሼ ገብረጻድቃን ሞተው የተገኙት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሜልቦርን፣ አስኮት ቬል ሰፈር ውስጥ በሚኖሩበት የመንግሥት ቤቶች ሕንፃ፣ ደረጃው ግርጌ ነው። ነጭ እንደለበሱ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጭንቅላታቸው የታችኛው እርከን ጠርዝ ላይ አርፏል። በቀኝ እጃቸው የውሻ ማሰሪያ ተጠምጥሟል፤ በማሰሪያው ሌላ ጫፍ አመዶ የሚሉት ውሻቸው ቆሟል። አይጮኽም፣ አይጎትትም። ረጃጅም ቀጫጭን እግሮቹ እየተንቀጠቀጡ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል።

መጀመሪያ የመጡት ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሼ አድማሱ ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ቆይተው በትራም ሲመለሱ ነው ያዩአቸው። ጩኸታቸውን የሰማ ጎረቤት አምቡላንስ ጠራ፤ ፖሊስም ደረሰ። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ መሰለ። ሽማግሌው ውሻቸውን ይዘው ደረጃ ሲወርዱ ውሻው ጎትቶ ጣላቸው። ፖሊሶቹ ይህንኑ መዝግበው ሄዱ፤ ውሻውን የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ወሰደው።

በማዘጋጃ ቤቱ የእንስሳት ጉዳይ መርማሪዋ አምለሰት ትባላለች። ውሻ ሰው ሲነክስ ወይም ለሞት ሲያበቃ፣ ይኑር ወይስ ይገደል የሚለውን አጣርታ የምታቀርበው እሷ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲናገር ዓይኗን ከአፉ ላይ የማትነቅል ሴት ነች። ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ስትገባ አለቃዋ የአመዶን ጉዳይ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦላት ነበር።

«ይሄ ቀላል ነው» አላት። «ዓርብ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ ሊገድለው ይመጣል። እስከዚያ ፈርሚበት።»

ገና ወንበሯን ሳትስብ ስልኳ ጮኸ።

«አምለሰት ነሽ? እኔ ኑኃሚን እባላለሁ። ሩጫ ላቆሙ ውሾች ቤት ከሚፈልገው በጎ አድራጎት ድርጅት ነኝ። አመዶን ለጋሼ ገብረጻድቃን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አመዶ አልገደለውም።» ልጅቷ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። «እባክሽ አምለሰት፣ እንዳትገድሉት። ምንም አላደረገም። መጥተሽ እዪው፤ አሳይሻለሁ።»

አምለሰት ስልኩን ዘጋች። ልጅቷ ሽማግሌውን ያለ አንቱታ «አልገደለውም» ማለቷ አልገረማትም፤ እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆች አማርኛቸው እንዲያ ነው። የገረማት ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ «አይመስለኝም» አላለችም።

የተያዙ ውሾች የሚጠበቁበት ግቢ ስትደርስ ኑኃሚን ቀድማት ከአመዶ ጋር ተቀምጣ ነበር። ዕድሜዋ ከሃያዎቹ አጋማሽ አያልፍም። የሹራቧ እጅጌ በግራጫ ፀጉር ተሸፍኗል። አመዶ ግሬይሀውንድ ነው፤ ለሩጫ ተወልዶ፣ ማሸነፍ ሲያቅተው የተጣለ። ሙሉ ክብደቱን ጉልበቷ ላይ ጥሎ ቆሟል።

«ነይ፣ ተመልከቺ» አለቻት። ውሻውን ወደ ቢሮው አጭር ደረጃ ወሰደችው። አመዶ የመጀመሪያው እርከን ጋ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። ጠራችው፤ ሥጋ አሳየችው፤ ከኋላ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። ጭራውን ሆዱ ሥር ሸጉጦ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እነዚህ ውሾች ሜዳና አጥር እንጂ ደረጃ አይተው አያውቁም» አለች ኑኃሚን። «አንዳንዱ ቀስ በቀስ ይለምዳል። አመዶ አልለመደም። ምድር ቤት ለሚኖር ሰው የሰጠሁት ለዚህ ነው። ደረጃ የማይረግጥ ውሻ እንዴት አድርጎ ሰውን ከደረጃ ጎትቶ ይጥላል?»

«አይጥልም» አለች አምለሰት።

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ስለዚህ ይተርፋል?»

«ውሻው ካልጣላቸው ምን ጣላቸው? አለቃዬ ይህን ይጠይቀኛል።»

«እኔ እንጃ። እንደ ሁልጊዜው ሊያንሸራሽረው ሲወጣ አዳልጦት ይሆናል። ሽማግሌ አይደል?»

አምለሰት ከእጇ ያልለየችውን ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ውስጡ ያለው ከሟቹ እጅ የተፈታው ማሰሪያ ነው፤ ቡናማ ገመድ፣ ጫፉ ላይ የነሐስ ቀለበት ያለው፣ በውሻው አንገት ገብቶ ሲስቡት የሚጠብቅ።

«ይሄ የማነው?»

«የኛ ድርጅት ነው» አለች ኑኃሚን ወዲያው። «ውሻ ስንሰጥ ማሰሪያ አብረን እንሰጣለን።»

«ጋሼን መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«አመዶን ያስረከብኩት ቀን። ከዚያ በኋላ በስልክ ብቻ ነው።»

«በስልክ ምን ምን ታወራላችሁ?»

ኑኃሚን የውሻውን ጆሮ እያሻሸች ዘገየች። «ሊመልሰው ፈልጎ ነበር። ጎረቤቱ ይቆጣኛል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ያማኛል ይላል። ደውሎ ውሰዱልኝ ይላል፣ በማግስቱ ደውሎ ተዉት ይላል። ይወደው ነበር።»

«የሚቆጣው ጎረቤት ማነው?»

«ፎቅ ላይ ያለው። አድማሱ።»

ጋሼ አድማሱ በራቸውን የከፈቱት ጃኖ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ነው። ከጋሼ ገብረጻድቃን ጋር ከሱዳን መጠለያ ጀምሮ ይተዋወቃሉ። አምለሰትን አስቀምጠው ራሳቸው ቆመው ቀሩ።

«ውሻ ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ሲያድር የት አየሽ?»

«ሜልቦርን ውስጥ ነው የሚሉኝ ጋሼ? በየቤቱ።»

«የፈረንጁን ተይው! እኛን ነው የምልሽ።» ዞር ብለው በመስኮት አዩ። «አዎ፣ ተጣልተናል። ለቤቶች ቢሮም አመልክቼበታለሁ። ጥርሴን ነክሼ ነበር የማልፈው። ግን እሑድ ታርቀናል።»

«የት?»

«እዚያው ቤተ ክርስቲያን። ሳልታረቅህ አልቆርብም ብሎ ጫማዬ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ብድግ አደረግሁት። ተላቀስን። ሰው እያየን።» ድምፃቸው ጎረነነ። «ከዚያ ምን አደረገ? ቆርቦ ሲያበቃ፣ ያን ቅዱስ ነገር ተቀብሎ ሲያበቃ፣ ከሰዓት በኋላ ውሻ እየጎተተ ወጣ! ምራቁን እንኳ መሬት የማይተፋበት ቀን! ምን ልበልሽ? ያገኘውን አገኘ።»

«ይህን ለልጃቸው ነገሯት?»

«ምን ጭካኔ አለብኝ! ለማንም አልተናገርኩም።» ጃኖአቸውን አስተካከሉ። «ለሁለት ሰው ብቻ።»

አምለሰት ለሁለት ሰው የተነገረ ነገር በዚህች ከተማ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጓዝ ታውቃለች። «ጋሼ፣ ፖሊሶቹ፣ ጋሼ ገብረጻድቃን ከፎቅ ሲወርዱ ወደቁ ይላሉ። እርስዎ ጋ መጥተው ነበር?»

«እኔ እኮ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለስኩም ነበር። ደግሞ ከነውሻው? ያ ውሻ አንድ ቀን እንኳ ደረጃ ሲረግጥ አላየሁም። እታች ቆሞ ያላዝንብኛል እንጂ።»

ምድር ቤት፣ የሟቹ ቤት፣ በለቀስተኛ ተሞልቷል። አምለሰት ስትገባ ሁለት ሴቶች ጥግ ላይ ተጠጋግተው ያወሩት የነበረውን አቋረጡ፤ ከወሬያቸው ግን «በቆረበበት» የሚለው ጆሮዋ ገባ። የሟቹ ልጅ ብዙአየሁም ሳትሰማ አልቀረችም። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ አብጦ፣ አንገቷን ደፍታለች። አምለሰትን ይዛ ወደ ጓዳ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች።

«ውሻውን ግደሉት ወይም አትግደሉት፣ እኔን አትጠይቂኝ» አለቻት። «አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት?»

«ማን አምጪ አለኝ? እናቴ ከሞተች በኋላ ቤቱ ጭር አለበት፣ ሰው ሲናፍቀው አየሁት። ይሄ ውሻ ጨዋ ነው፣ አይጮኽም አሉኝ። አባዬ መጀመሪያ እሺ አላለም። ለምኜ ለምኜ አስወሰድኩት። ይኸው ገደለው። ሞቱ አልበቃ ብሎ ስሙም ጠፋ። እዚያ የሚንሾካሾኩት ምን እንደሚሉ የማልሰማ ይመስላቸዋል።»

«እሑድን ንገሪኝ።»

«ጠዋት እኔ ወሰድኩት፣ እኔ መለስኩት። ከመሄዳችን በፊት ነጭ ልብሱን እንዳይልሰው ብዬ አመዶን እዚህ ክፍል ዘግቼበት ነበር። አባዬ ቅዱስ ቁርባን በተቀበለበት ቀን አይነካውም። ስንመለስ አፉን በነጠላው እንደሸፈነ ጋደም አለ። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ነበርኩ። ለባለቤቴ ለእዮኤል ደውዬ፣ አባዬ ቆርቧል፣ ውሻውን አንተ አውጣልኝ ብዬው ሄድኩ።»

«አወጣው?»

«ሺፍት ተራዘመብኝ አለ። ውሻው ሲያለቅስበት አባዬ አላስችል ብሎት ራሱ አወጣው።» እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። «እንዲህ ነው የሆነው። ሌላ ምን ይሆናል?»

ከበሩ ጀርባ ካለው ማንጠልጠያ ላይ ሰማያዊ የውሻ ማሰሪያ ተሰቅሏል፤ ከአንገት ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ቁልፍ ያለው።

«ይሄ የማነው?»

«የአመዶ ነዋ። ከውሻው ጋር የሰጡን።»

«ሌላስ አላችሁ?»

«አንድ ውሻ ስንት ማሰሪያ ይፈልጋል?»

እዮኤልን መኪና ማቆሚያው ጋ አገኘችው። ከተማ መሃል አንድ ሕንፃ ውስጥ በሌሊት የጥበቃ ሥራ ይሠራል። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ለሰላምታ ሁለት እጁን የሚዘረጋ ሰው ነው። ከለቀስተኛው ሸሽቶ መኪናው ላይ ተደግፏል።

«እሑድ ሺፍትህ ተራዝሞ ነበር?»

«አዎ እህቴ። የሚተካኝ ልጅ ቀረ።»

«አምቡላንሱ ሳይሄድ እዚህ ደርሰሃል አሉኝ። ብዙአየሁ ገና ሳትሰማ፣ ማንም ሳይደውልልህ። ከሥራ ቦታህ ማን ጠራህ?»

እዮኤል ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እዚያ ዛፍ ሥር ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «ናይት ሠርቼ፣ ከዚያ ቸርች ገብቼ፣ ቀጥታ እዚህ መጣሁ። ሞተሩን አጥፍቼ ዓይኔን ለአፍታ ልክደን አልኩ። የቀሰቀሰኝ የአምቡላንሱ ጩኸት ነው። አማቼ ደጃፋቸው ላይ ሲሞቱ እኔ መኪና ውስጥ እያንኮራፋሁ ነበር። ይሄን ለሚስቴ በየትኛው አፌ ልንገራት?»

«ማንንም አላየህም?»

«የተኛ ሰው ምን ያያል? ቶሎ ገብቼ ውሻውን ባወጣው ኖሮ...»

«እሳቸው ራሳቸው እንደማያወጡት ታውቅ ነበር?»

«እንዴ፣ አውቃለሁ እንጂ! እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የእነሱን ሥርዓት ብዙም አላውቅም። ግን እሳቸው ሲቆርቡ ውሻው የኔ ተራ ነው። ‘ዛሬ ያንተ ነው ጴንጤው’ ብለው ይቀልዱብኝ ነበር።» ሊስቅ ሞከረና አፉን ያዘ።

አምለሰት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ጉዳዩን ለያዘችው መርማሪ ፖሊስ ደወለች። የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁስሉ የት ጋ ነው? ከኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ፤ ፊታቸውና መዳፋቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም አለቻት። አምለሰት አመስግና ስልኩን አስቀመጠች። መሪውን ይዛ ተቀምጣ የቤቱን በርና የደረጃውን ግርጌ አየች። ፊት ለፊት ናቸው። ከበሩ ወደ ኋላ የተገፋ ሰው የሚያርፈው እዚያው እርከን ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከበዷት። አለቃዋ ጠዋት ጠዋት «ፈረምሽ?» ይላል። ኑኃሚን ከሰዓት ከሰዓት እየደወለች «ተረፈ?» ትላለች። የልጅቷ ድምፅ በየቀኑ እየሰለለ ሄደ፤ ምግብ የሚበላ ሰው ድምፅ አይደለም። አምለሰት አንዴ «አንቺ ደህና ነሽ?» አለቻት። ኑኃሚን ሳትመልስ ዘጋችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አራቱን ሰዎች የሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው። ለቀስተኛው እንዲወጣ ብዙአየሁ ለምናለች። ጋሼ አድማሱ የሟቹን ወንበር ሸሽተው ጥግ ይዘዋል። እዮኤል ከሚስቱ ራቅ ብሎ ቆሟል። ኑኃሚን ጫማዋን አውልቃ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ከውጭ፣ መርማሪ ፖሊሷ ደረጃው ጋ ቆማለች፤ ይህን ከአምለሰት በቀር የሚያውቅ የለም።

«ነገ ጠዋት አመዶ ይገደላል» ብላ ጀመረች አምለሰት። «ስለዚህ ዛሬ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ስለ ደረጃው። አመዶ ደረጃ አይረግጥም። ኑኃሚን አሳይታኛለች፤ ጋሼ አድማሱም መስክረዋል። ከፎቅ ሲወርዱ ወደቁ የሚለው ውሸት ነው። ሁለተኛ፣ ውሻ የጎተተው ሰው ወደፊት ነው የሚደፋው፤ እጁን ይዘረጋል፣ መዳፉ ይላጣል። ጋሼ የተመቱት ከኋላቸው ነው። ከዚህ በር ወደ ኋላ ነው የወደቁት።»

«ገፍተውት ነው የምትዪው?» አሉ ጋሼ አድማሱ።

«ሦስተኛው የእርስዎ ነው ጋሼ። ሁላችሁም አንድ ነገር ገርሟችኋል፤ የቆረበ ሰው ለምን ውሻ ያዘ? እርስዎ ኃጢአት ነው ብለው ፈረዱ። ብዙአየሁ አዝኖለት ነው ብላ ይቅር አለች። አንድም ሰው ‘አልያዘም’ አላለም። የእጁን ገመድ አይታችሁ ሰውየውን ካዳችሁት። እኔ ገመዱን ትቼ ሰውየውን አመንኩ። እርቅ ሳያወርድ የማይቆርብ፣ ልብሱን እንኳ እንዳይነካበት ውሻው የሚዘጋበት ሰው፣ በዚያ ቀን ማሰሪያ አይጠመጥምም። ገመዱን እጃቸው ላይ ያደረገው ሌላ ሰው ነው። ከሞቱ በኋላ።»

ብዙአየሁ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ማን?» አለች።

«ያን ቀን ጋሼ ውሻ እንደማይነኩ የማያውቅ ሰው። የሚያውቅ ሰው ሌላ ውሸት ይፈጥር ነበር እንጂ ይህን አይመርጥም። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ውሻውን የዘጋሽበት አንቺ ነሽ። ጋሼ አድማሱ አብረው ቆመው አስቀድሰዋል። እዮኤል ውሻውን ሊያወጣ የተጠራው ለዚሁ ነው።» ወደ እዮኤል ዞረች። «ንገራት።»

እዮኤል ተንተባተበ። «ብዙዬ... ሺፍት አልነበረም። ውጭ መኪና ውስጥ ተኝቼ ነበር። ደክሞኝ ነው። ይቅር በይኝ።»

ብዙአየሁ አየችው።

«ገመዱ ራሱም ይናገራል» ስትል አምለሰት ቀጠለች። «የአመዶ ማሰሪያ ሰማያዊው ነው፤ ዛሬም እዚያ በር ጀርባ ተሰቅሏል። ጋሼ አላስችል ብሏቸው ውሻውን ቢያወጡት እንኳ እሱን ነበር የሚይዙት። ቡናማው እዚህ ቤት ኖሮ አያውቅም። ሰው ይዞት ነው የመጣው። የማን እንደሆነ የነገረችኝ ኑኃሚን ናት። ‘የኛ ነው’ አለችኝ።»

ክፍሉ ውስጥ የሁሉም ፊት ወደ በሩ ዞረ። ኑኃሚን አልተንቀሳቀሰችም።

«ለምን ወጡ ብዬ ስጠይቅሽ ‘እንደ ሁልጊዜው ሊያንሸራሽረው’ አልሽኝ። ከአራታችሁ ይህን ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ገና ስትደውዪልኝም ‘አልገደለውም’ አልሽ። እዚያ የነበረ ሰው ካልሆነ እንዲያ እርግጠኛ አይሆንም።» አምለሰት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔን የጠራሽኝ አንቺ ነሽ ኑኃሚን። ባትደውዪ ኖሮ ሰኞ ጠዋት ፈርሜ ነበር።»

«ይሞታል ብዬ አላሰብኩም» አለች ኑኃሚን። «አመዶ። ይወስዱትና ይመልሱልኛል ብዬ ነበር።»

«አባቴስ?» ብዙአየሁ ተነሥታ ቆማ ነበር። «አባቴን ምን አደረግሽው?»

ልጅቷ እንባዋን ሳትጠርግ ተናገረች። ሽማግሌው በዚያ ሳምንት እንደገና ደውለው ውሻውን ውሰጂልኝ ብለዋት ነበር። እሷም ከከተማ ውጭ ትልቅ ግቢ ያለው ቤተሰብ አገኘችለት። ቤተሰቡ እሑድ ካላመጣሽልን ሌላ ውሻ እንወስዳለን አላት።

«ስመጣ በሩን ከፍቶ ቆመ። አፉን በነጠላ ሸፍኗል። ውሻውን አምጣልኝ ስለው አላመጣም አለኝ። እኔ ልግባና ልውሰደው ስለው ራሱን ነቀነቀ። ልክ እንደ ሁልጊዜው፣ እንደገና ሐሳቡን የለወጠ መሰለኝ። አልፌው ገባሁ። አመዶን አሠርኩት። ስንወጣ አመዶ ሊደገፈው ተጠጋ፤ እሱ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ሸሸ። በሩ ላይ ቆመ። መንገድ የከለከለኝ መሰለኝ። ዞር በል ብዬ ገፋሁት። በእጄ። ኃይለኛ አልነበረም።» መዳፏን አየችው። «ትንፋሹን አዳመጥኩ። የለም። እንደገና አዳመጥኩ። የለም። ከዚያ ገመዱን...»

«ሰው ጠርተሽ ቢሆን!» አለ እዮኤል። «እኔ እዚያ ዛፍ ሥር ነበርኩ!»

ጋሼ አድማሱ ጃኖአቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ነበር። «ስሙን አጠፋሁት» ይላሉ። «ታርቆኝ ሞቶ ስሙን አጠፋሁት። እሑድ ምእመናኑ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ሳላጣራ ያመንኩት እኔ ነኝ፣ ያወራሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»

የሚሰማቸው አልነበረም። ብዙአየሁ ኑኃሚን አጠገብ ሄዳ ቁጢጥ ብላለች። ትመታታለች ብሎ እዮኤል ሊይዛት ተራመደ። አልመታቻትም።

«አላመጣም ሲልሽ ሌላ ምን አለ?»

ኑኃሚን ዓይኗን ጨፈነች። «‘ቆርቤያለሁ ልጄ፣ ዛሬ አልነካውም። ነገ ነይ፣ ራሴ አወጣልሻለሁ’ አለኝ። ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። ሰበብ መሰለኝ።»

«ነገ ብትመጪ ይሰጥሽ ነበር» አለች ብዙአየሁ። «ነገ ካለ ነገ ነው።»

በሩ ተንኳኳ። መርማሪ ፖሊሷ ገባች። ኑኃሚን ማንም ሳይነግራት ተነሥታ ጫማዋን አጠለቀች፤ የጫማዋን ክር ሳታስር ወጣች። ከደረጃው ግርጌ ስትደርስ እርከኑን ላለመርገጥ ግድግዳውን ተጠግታ አለፈች።

አምለሰት ስልኳን አውጥታ የውሾቹ ግቢ ደወለች። «የነገው ይሰረዝ» አለች። «አዎ፣ ግራጫው። አይገደልም።» አዳመጠች፤ ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ወደ ብዙአየሁ ተመለከተች። «የሚወስደው ሰው አለ ወይ ይሉኛል። ዛሬ መልስ መስጠት የለብሽም። ነገ ልበላቸው?»

ብዙአየሁ ሰማያዊውን ማሰሪያ ከበሩ ጀርባ ነቅላ መጣች።

«ነገ አይደለም» አለች። «አሁን።»